ሦስት ጊዜ አንብቦ ሦስት መልስ የሰጠው ማሽን

ሰቆጣ ውስጥ፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ አንድ የድንጋይ ቤት፣ ሁለት ሰርቨሮች ለሦስት ዓመት ያህል በእኔ እጅ ነበሩ። ጊዜው ከሚሊኒየሙ በዓል ወዲህ ነው። አንድ ፕሮጀክት የገበሬውን የመሬት ይዞታ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ ብሎ ቢሮ ከፍቶ ነበር፤ እኔም ትምህርቴን መቀሌ ጨርሼ እንደተመለስኩ እዚያ ተቀጠርኩ። በከተማው ስለ ሰርቨር የሚያውቅ ሌላ ሰው ባለመኖሩ የምጠይቀውም፣ የሚቆጣጠረኝም አልነበረም። ያኔ ይህን እንደ ዕድል ነበር የማየው።

በእያንዳንዱ ሰርቨር ውስጥ ሦስት አራት ኮምፒውተር ያለ ይመስል ለየብቻ እየከፋፈለ የሚያሠራ ሶፍትዌር ተጭኖ ነበር። የብረቱ ማሽን አስተናጋጅ ነው፤ ውስጡ ያሉት እንግዶቹ ናቸው። ከእንግዶቹ አንዱ የደሃና፣ የፃግብጂና የሰሃላ ወረዳ ገበሬዎችን መዝገብ ይይዛል፤ የማን ማሳ የት እንደሆነ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ በማን ስም እንደተጻፈ። እሱ የነበረው በሁለተኛው ሰርቨር ላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ እንግዶቹ በዝተው ማሽኑ ስለተንቀራፈፈ፣ ከገበያ የተገዛ ተጨማሪ ሜሞሪ ተላከልኝና በገዛ እጄ ከፍቼ ሰካሁለት። ፈጠነ። ደስ አለኝ።

ጥር ላይ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አንድ ሲዲ ደረሰኝ። የአስተናጋጁን ሶፍትዌር የሚያድስ ነው፤ ሙሉው ሶፍትዌር በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ኢሜጅ እንለዋለን። ማሽኑ ኢሜጁን ከመቀበሉ በፊት ይመረምረዋል። ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ አንድ ረጅም ቁጥር ያወጣል፤ ያወጣው ቁጥር ሠሪዎቹ ፈርመው ከላኩት ጋር ከገጠመ ይቀበላል፣ ካልገጠመ ይመልሳል። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ እንኳ ብትዛነፍ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ሁለቱም ሰርቨሮች መለሱት። መልእክቱ ፊርማው ተቀባይነት የለውም የሚል ነበር። ግማሽ ቀን ስደክም ቆይቼ ዓይኔ በአጋጣሚ የማሽኑ ሰዓት ላይ አረፈ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶት ኖሯል! በማሽኑ ቤት ጊዜው ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው፤ ስለዚህ ፊርማው ገና ባልደረሰ ቀን የተፈረመ ሆኖ ነው የታየው። ብቻዬን ሳቅሁ። ዓመቱን በፈረንጆቹ አስተካከልኩና የመጀመሪያው ሰርቨር ወዲያው ተቀበለ።

ሁለተኛው ግን አሁንም እምቢ አለ። አሁን የሚለው ስለ ፊርማው ቀን አይደለም፤ የኢሜጁ ይዘት ከቁጥሩ ጋር አይገጥምም ነው የሚለው። ሲዲው ያው፣ ፋይሉ ያው፣ ጎረቤቱ ሰርቨር ደግሞ አሁን ተቀብሎታል። ቆም ብዬ ማሰብ የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር። ነገር ግን በማግስቱ ፕሮጀክቱን የሚጎበኙ ሰዎች ይመጣሉ ተብሏል፤ የቢሮው ኃላፊ በየሰዓቱ እየመጣ አለቀ ወይ ይለኛል። ማሽኑን ምርመራውን ትተህ ዝም ብለህ ጫን የሚል ትእዛዝ እንዳለ አውቃለሁ። አንዲት ቃል ናት፤ ከትእዛዙ ጫፍ ላይ ትጨመራለች። ጨመርኳት። ያለ አንዳች ችግር ተጫነ፣ ተነሣ፣ በውስጡ ያሉት እንግዳ ኮምፒውተሮችም ከነመዝገባቸው ተነሡ። ለኃላፊው አልፌዋለሁ አልኩት፤ እንዴት እንዳለፍኩት ሲጠይቀኝም ሳልደብቅ ነገርኩት። ጎበዝ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ለወራት ጸጥ አለ። ትንንሽ ነገሮች ግን ነበሩ። አንዳንድ ስም ሲታተም አንዲት ፊደል ተጣምማ ትወጣለች፤ የሚነበብ ስም የማይነበብ ይሆናል። ጸሐፊዎቹ ላይ እቆጣለሁ። እነሱ ደግሞ በትክክል ነው የመታነው ብለው ይምላሉ። አንደኛዋ እንዲያውም አንድን ስም ሁለት ጊዜ አርማ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሶ እንደተበላሸባት እያለቀሰች ነገረችኝ። ዓይንሽን ለሐኪም አሳዪ አልኳት።

ሚያዝያ ውስጥ ከደሃና አንዲት ሴት መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ የሁለት ቀን መንገድ በእግሯ የተጓዘች ናት። አማርኛዋን ከኽምጣኛ ጋር እየቀላቀለች ነው የምትናገረው፤ ኽምጣኛ የእናቴ ቋንቋ ስለሆነ ተግባባን። ነገሩ እንዲህ ነው። የባሏ ወንድም፣ ሜዳ ላይ ያለው ማሳ ያንቺ አይደለም፣ ያባቴ ነው ብሎ ተነሥቶባታል። እሷ የይዞታ ደብተር አላት፤ ነገር ግን ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ቁጥሩ የተጻፈበት ገጽ ታጥቧል። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ከመዝገቡ ታትሞ ይምጣ ብሎ ላካት።

ስሟን ፈልጌ አተምኩላት። ወረቀቱን ተቀብላ ገልብጣ አየችውና መልሳ ሰጠችኝ።

«ፊደል አልቆጠርኩም። ቁጥሩን ንገሪኝ» አለች።

«መጨረሻው አምስት ነው፣ እናቴ።»

«አንድ ነው እንጂ። ደብተሩ ሳይበላሽ ልጄ አንብቦልኛል፤ አንድ ነው ያለኝ። አምስት እዚያ ማዶ ያለው ድንጋያማው ነው፣ ሰው አርሶት አያውቅም።»

«መዝገቡ አምስት ነው የሚለው።»

ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ እኔን ላለማስቀየም እንደፈለገች ሁሉ፣ «ማሽኑ ተሳስቶ እንደሁስ፣ ልጄ?» አለችኝ።

«ማሽን አይሳሳትም» አልኳት። ፈረምኩበት፣ ማኅተም መታሁበት፣ በፖስታ አሽጌ ሰጠኋት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች።

በግንቦት ወረቀቶቹ ከጓሮ ተቃጠሉ። ገበሬዎቹ ሲመዘገቡ የተሞሉት ቅጾች ናቸው፤ በማዳበሪያ ጆንያ ታጭቀው ከመጋዘኑ ጥግ ተደርድረው ነበር። ምስጥ ገብቶባቸዋል፣ አይጥ ወልዶባቸዋል፣ ይዘታቸው ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል ተባለ። ኃላፊው የሁላችንንም ፊርማ ሰበሰበ። እኔም ፈረምኩ። ወረቀቱ እርጥበት ስለነበረው ቶሎ አልነደደም፤ እየጨሰ ሁለት ቀን ቆየ። ነፋስ ሲነሣ ግማሽ የተቃጠለ ቅጽ በመስኮት እየገባ ጠረጴዛዬ ላይ ያርፍ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ሁለተኛው ሲዲ ደረሰ። የመጀመሪያው ሰርቨር ተቀበለ። ሁለተኛው ያንኑ ቃል ደገመ፤ የኢሜጁ ይዘት ከቁጥሩ ጋር አይገጥምም። ኃላፊው በዚያው ሳምንት ሌላ የእንግዳ ቡድን እንደሚመጣ ነግሮኝ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ያችን ቃል ለመጨመር እጄ አልታዘዝ አለኝ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ ምናልባት ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት እምቢታ ስለሰማሁ ይሆናል። አዲስ አበባ ላለው የፕሮጀክቱ ባለሙያ ስልክ ደወልኩ። ፊቱን አይቼው የማላውቅ፣ ድምፁ ሁልጊዜ የደከመው ሰው ነው።

ሲዲው መንገድ ላይ ተጭሮ ይሆናል አለኝ። ስለዚህ ሁለተኛው ሰርቨር ራሱ ፋይሉን አንብቦ የሚያወጣውን ቁጥር እኔ ጮክ ብዬ ላንብብለት፣ እሱ ከያዘው ጋር ያመሳክራል። ሠላሳ ሁለት ምልክት ነው፤ ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል የተቀላቀለበት።

አባቴ በዚያ ሰዓት ቢሮ ነበሩ። አባቴ ቄስና ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ብራና ላይ ሲጽፉና ሲያርሙ ነው የኖሩት፣ ፊደልም ያስተምራሉ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዝናቡ አላሳልፍ ብሏቸው እኔ ዘንድ ገብተው ጥግ ላይ ካለች ወንበር ተቀምጠዋል። የፈረንጁን ፊደል አያነቡም፤ ጆሯቸው ግን አንዴ የሰማውን አይለቅም።

አነበብኩ። ባለሙያው ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሮ አይገጥምም አለና እንደገና አስወጪውና አንብቢልኝ አለኝ። ማሽኑ ፋይሉን አንብቦ እስኪጨርስ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ጠበቅን። እንደገና ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ሦስት ምልክት እንደሄድኩ አባቴ በትራቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ።

«ቅድም እንዲህ አላልሽም» አሉኝ። «ቅድም ከሰባት ቀጥሎ ዘጠኝ ነበር። አሁን ሁለት አልሽ።»

የመጀመሪያውን በወረቀት ጽፌው ስለነበር አየሁት። ልክ ናቸው። ከሰባት ቀጥሎ ዘጠኝ ይላል። ስክሪኑ ላይ ሁለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሌላ ነው። ለባለሙያው ነገርኩት። ሦስተኛ ጊዜ አስወጪው አለኝ፤ ድምፁ ተለውጦ ነበር። ሦስተኛው ከሁለቱም አይገጥምም።

ይህንንም በስልኩ ነገርኩት።

«ሲዲውን ተዪው» አለኝ። «የተጫረ ሲዲ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስሕተት ነው የሚሰጥሽ። ይኼ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ አንብቦ ሦስት መልስ ነው የሰጠሽ። ማሽኑ ነው። ሜሞሪው ይመስለኛል። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርገው?»

ከጥር ጀምሮ እምቢ ይል ነበር ማለት አቃተኝ። ቆይቼ ግን አልኩት። ያኔ እንዴት እንዳለፍኩትም ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ብቻ፣ ያ ማሽን ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ፤ ስነግረው አጥፊው አለኝና ስልኩን ዘጋ።

ነገሩን ለአባቴ በሚገባቸው መንገድ አስረዳሁ። ማሽኑ ያነበበውን ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ አለ፣ ከዚያ ቦታ አንዲት ነጥብ ተበላሽታለች፣ በዚያች ነጥብ ላይ ያለፈ ነገር ሁሉ ተዛንፎ ይወጣል አልኳቸው።

«ይኸው ማሽን ነው የሰውን መሬት የሚጽፈው?» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። ዝናቡ ሳያባራ ተነሥተው ሄዱ።

ማሽኑን አጠፋሁት። ኃላፊው እየሮጠ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከላይ የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩት፣ ፕሮጀክቱ ይታደስ አይታደስ የሚባልበት ጊዜም ነበር። እንግዶቹ መዝገቡ ሲሠራ ማየት አለባቸው አለኝ።

«ጥር ላይ አልፈሽው የለም እንዴ? አሁንም እለፊው።»

«ያኔ ምን እያለፍኩ እንደሆነ አላወቅኩም። አሁን አውቄያለሁ። መዝገቡ ስድስት ወር ሙሉ በዚህ ማሽን ላይ ሲጻፍ ነው የከረመው፣ የተበላሸ ነገር ሊኖር ይችላል።»

«ሊኖር ይችላል፣ ወይስ አለ?»

አላውቅም አልኩት። ሳታውቂ አታውሪ አለኝ። እንግዶቹ እስኪመለሱ ድረስ ከዚያች ክፍል ቃል እንዳይወጣ አዘዘ።

እኔ ታኅሣሥ ላይ የሰካሁትን ሜሞሪ ነቀልኩት። ማሽኑን አስነሥቼ ኢሜጁን አስነበብኩት፤ ቁጥሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጠመ። ደግሜ አስነበብኩት፣ ገጠመ። ኢሜጁም ተጫነ። እንግዶቹ መጡ፣ መዝገቡ ስክሪን ላይ ሲገለጥ አዩ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። ኃላፊው ነገሩ ያለቀ መሰለው። ማሽኑ መዳኑ ግን የተጻፈውን አያድነውም። በየቀኑ የምናስቀምጠው ቅጂም ከዚያው ከታመመው ማሽን የተቀዳ ነው፤ ስሕተቱን ጭምር በታማኝነት ቀድቶታል።

ያለን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሜሞሪውን ከመሰካቴ በፊት፣ እንዳይበላሽብኝ ፈርቼ መዝገቡን በዲቪዲ ቀድቼው ነበር። ዲቪዲው ከመሳቢያዬ ሥር ተገኘ። የድሮውንና የአሁኑን አመሳክሬ የሚለያዩትን መስመሮች አተምኩ። ብዙ ሆኑ። ችግሩ ግን ይኸ ነው፤ ከታኅሣሥ ወዲህ ሰው ሞቷል፣ ማሳ ተከፍሏል፣ ጸሐፊዎቹም ትክክለኛ እርማት አድርገዋል። የትኛው የሰው እርማት፣ የትኛው የማሽኑ ጥፋት እንደሆነ የሚለይልኝ አልነበረም። የሚለየው ወረቀት ከጓሮ አመድ ሆኗል።

ወረቀቶቹን ቤት ወሰድኳቸው። አባቴ ከደጃፉ ላይ ተቀምጠው፣ ብርሃን እስካለ ድረስ፣ የድሮውን ስም በግራ የአሁኑን በቀኝ እያደረጉ ይመለከቱ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ።

«ይኸ የሰው ስሕተት አይደለም» አሉ። «ሰው ሲጽፍ የሚመሳሰለውን ነው የሚስተው፤ ሀን በሐ፣ ሰን በሠ ይለውጣል፣ ወይም መስመር ይዘላል። ይኸኛው ግን ሕግ አለው። ተመልከች። በ ቤ ሆኗል። እዚህ ለ ሌ ሆኗል። ግዕዙ ሁልጊዜ ኃምስ ነው የሚሆነው። እዚህ ሱ የነበረው ስ ሆኗል፤ ካዕቡ ሳድስ። ኪ ደግሞ ኮ ሆኗል፤ ሣልሱ ሳብዕ። ራ ደግሞ ሯ ሆኖ ዲቃላ ወጥቶታል። ተገላቢጦሹን ፈልጌ አጣሁት። ኃምስ ወደ ግዕዝ የተመለሰበት አንድም ቦታ የለም።»

ለትንሽ ጊዜ ሳይገባኝ አየኋቸው። ከዚያ ገባኝ። ፊደሎቻችን ማሽኑ ውስጥ በተራ ቁጥር ነው የተቀመጡት፤ ከግዕዝ እስከ ኃምስ አራት እርምጃ ነው፣ ከካዕብ እስከ ሳድስም አራት። የተበላሸችው ነጥብ አራትን የምትወክለው ናት። ባዶ መሆን ሲገባት ሁልጊዜ በርታ ቀርታለች፤ ስለዚህ በእሷ ላይ ያለፈ ፊደል ሁሉ አራት ቤት ወደፊት ይገፋል። አባቴ ስለ ሜሞሪ ምንም ሳያውቁ የተሰበረችውን ነጥብ ጣታቸውን ጭነው አሳዩኝ።

«በቁጥሮቹስ?» አልኳቸው።

«ቁጥሮቹን አላየሁም። ለቁጥር ሕግ መስጠት አልለመድኩም።»

እኔ አየኋቸው። ባዶው አራት ሆኗል። ሁለቱ ስድስት። ሦስቱ ሰባት። አንዱ አምስት።

ስም ሲበላሽ ያስታውቃል፤ ሲያነቡት አፍ አይገባም፣ ሰው ይጠረጥራል። ቁጥር ግን ተበላሽቶም ቁጥር ነው። አምስት ከአምስት አይለይም። የደሃናዋን ሴት ገጽ ፈለግኩ። በታኅሣሡ ቅጂ የማሳዋ ቁጥር መጨረሻ አንድ ነው።

ለኃላፊው ወረቀቱን ወስጄ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረና፣ ደብዳቤ ጻፊ፣ እፈርምልሻለሁ፣ ግን በፕሮጀክቱ መኪና አትሄጂም አለኝ። መኪናውን ማን እንደሰጠሽ እንዳይጠይቁኝ ነው አለ። ፈረመልኝ። ይኸን ለእሱ ልመሰክርለት ይገባል።

ፍልሰታ እንደተፈታ አምደወርቅ ድረስ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። አባቴ ብቻሽን አትሄጂም ብለው አብረውኝ መጡ። ወንዙ ገና አልጎደለም ነበር፤ አንድ ቀን ሙሉ ከዳር ተቀምጠን ጠበቅነው። መንገድ ላይ ሰዎች ወዴት እንደምንሄድ ሲጠይቁን አባቴ ለመሬት ጉዳይ ይሉ ነበር፤ ጠያቂዎቹም ዝም ብለው መንገድ ይለቁልናል። በዚያ አገር መሬት ሲባል ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ሜዳው ማሳ ላይ ገብስ በቅሎ ነበር። ያማረ ገብስ ነው። የዘራው የባሏ ወንድም መሆኑን የነገሩን ከመንገዱ ዳር የሚያርሙ ሴቶች ናቸው። ኮሚቴው እኔ ያተምኩትን ወረቀት አይቶ፣ ያንቺ በመዝገብ የተጻፈው ድንጋያማው ነው ብሎ ሰኔ ላይ ፈርዶባታል።

እሷን ከቤቷ በር ላይ አገኘናት። ወዲያው አወቀችኝ። ገና ሳልናገር እንድንቀመጥ ቆዳ አነጠፈችልን፤ አባቴን መስቀል ይዘው እንደሁ ጠየቀች፣ ሲያወጡላት ተሳለመች። ከዚያ ነገርኳት። በኽምጣኛ ነው የነገርኳት። ማሽኑ ተሳስቷል፣ ቁጥርሽ አንድ ነው፣ እኔም አጥፍቻለሁ አልኳት።

ፊቷ አልተለወጠም። ልጇ የት እንዳለ ጠየቅኳት፤ ደብተሩን ያነበበላት፣ የሚያርስላት እሱ ነበርና።

«ሄደ» አለች። «መሬት ከሌለ ምን ይዤ እቀመጣለሁ አለኝ። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ነው የሄደው፣ በበረሃው በኩል፣ ወደ ዓረብ አገር። ከሄደ ወር አለፈው። አንቺ ከተማ ነሽ፣ እንደነሱ ያሉ መድረስ አለመድረሳቸው የሚጻፍበት መዝገብ ይኖር ይሆን?»

የለም አልኳት። አባቴ ፊታቸውን ወደ ገብሱ አዞሩ።

በማግስቱ የቀበሌው ኮሚቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከዛፉ ሥር ተቀመጠ። ደብዳቤውን አነበብኩ፣ የሁለቱን ቅጂ ልዩነት አሳየሁ፣ ስለ ነጥቧም በተቻለኝ መጠን አስረዳሁ። ሰብሳቢው ሽማግሌ እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ፣ ሁለቱን ወረቀቶች በሁለት እጃቸው ይዘው አነሧቸው።

«ይኸም ማኅተም አለው፣ ይኸም ማኅተም አለው» አሉ። «ሁለቱም ያንቺ ፊርማ ነው። በሚያዝያ እውነት ነው ብለሽ ላክሽልን፣ ፈረድንበት። አሁን ይኸኛው ነው እውነቱ ትያለሽ። ሦስተኛ ይዘሽ እንዳትመጪ ማን ዋስ ይሆነናል?»

አባቴ ተነሥተው፣ የሴትየዋን የታጠበ ደብተር አስመጥተው ለብርሃን ያዙት። ቀለሙ ጠፍቷል፤ ብዕሩ የተጫነበት ጭረት ግን በወረቀቱ ላይ በስሱ ቀርቷል አሉ። አንዱ ሽማግሌ ዳሰሰው። ሌላው ምንም አይታየኝም አለ። እስከ ቀትር ተከራከሩ። በመጨረሻ የወሰኑት፣ የዘራው አዝመራውን ይሰብስብ፣ ከዚያ በኋላ ሜዳው ለሁለት ይከፈል የሚል ነበር። ለሴትየዋ ግማሹ ተመለሰላት። የባሏ ወንድም ደግሞ ሙሉው በፍርድ ተሰጥቶኝ ግማሹን በማሽን ተቀማሁ ብሎ ማለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቤቶች እሳት እንደማይለዋወጡ ሰማሁ።

ተመልሼ የቀረውን ሥራ ጀመርኩ። ከታኅሣሥ በፊት የገቡትን መዝገቦች በዲቪዲው መሠረት፣ አባቴ ባገኙት ሕግ እየለየሁ አረምኳቸው። አባቴ አንዱን ወገን ሲያነቡ እኔ ሌላውን በዓይኔ እየተከተልኩ ወራት ፈጀን። የሰሃላው መዝገብ ግን አብዛኛው ከታኅሣሥ በኋላ የገባ ነበር። ለእሱ የድሮ ቅጂ የለም፤ ቅጹም ተቃጥሏል። ስሞቹን አስተካከልን። አራት፣ አምስት፣ ስድስትና ሰባት ያለባቸውን ቁጥሮች ግን የትኞቹ ከመጀመሪያውም እንደዚያ እንደነበሩ፣ የትኞቹ በማሽኑ እንደተለወጡ መለየት አልተቻለም። ዝርዝራቸውን ለብቻው አውጥቼ፣ እነዚህ ቁጥሮች ከገበሬው ደብተር ጋር ሳይመሳከሩ ማስረጃ ሆነው እንዳይሰጡ ብዬ ጻፍኩበትና ለኃላፊው አስረከብኩ።

ፕሮጀክቱ አልታደሰም። ቢሮው ሲዘጋ መዝገቡ ተቀድቶ ሌላ ቦታ ተወሰደ፤ ወዴት እንደሆነ በውሉ አልተነገረኝም። ዝርዝሬ አብሮ ይሄድ እንደሆነ ስጠይቅ፣ ርክክቡን የሚሠራው ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የምንወስደው አለኝ። ዝርዝሩ በወረቀት ነበር። ቅጂ ሠርቼ መዝገቡ ውስጥ ልክተተው ብዬ ጠየቅኩ፣ ማኅደሩ ታሽጓል ተባልኩ።

የደሃናዋ ሴትዮ ወንድ ልጅ ስለመድረሱ፣ ሰቆጣን ለቅቄ እስክወጣ ድረስ፣ ምንም ወሬ አልሰማሁም። በገበያ ቀን ከዚያ የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር እጠይቅ ነበር። እሷም መልእክት ስትልክ ስለ መሬቱ አታነሣም፤ የምትጠይቀኝ ዓረብ አገር የደረሱ ሰዎች ስለሚጻፉበት መዝገብ ነው። ዓመታት አልፈውም፣ ከሰሃላ ሁለት ቤተሰቦች በማሳ ተጋጭተው ሰው ቆሰለ ሲባል ስሰማ፣ ቁጥራቸው መጨረሻው ስንት ይሆን እላለሁ። የማጣራበት መንገድ የለኝም።